እናቴ ለምሳ ጅቡቲ የሄደች ጊዜ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር «እማማ፣ ጅቡቲ የሚሄዱት ለምን ጉዳይ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ «እህቴ ቤት ምሳ ልበላ» አለችው።

ሰውየው ቀልድ አይወድም ነበር፤ ዘመኑም የቀልድ አልነበረም። በደርግ ጊዜ ከአገር እወጣለሁ ያለ ሰው መጀመሪያ በመኮብለል ይጠረጠራል፣ ስሙ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት የናዝሬት ባልቴት ድንበር ተሻግሬ ምሳ በልቼ ልምጣ ስትል ማን ያምናታል? እኔ አጠገቧ ቆሜ መሬት መሬት እያየሁ፣ አሁን ሁለታችንንም ታሳስረናለች እያልኩ ነበር።

«ይሄ ምክንያት አይሆንም» አለ ሊቀመንበሩ። «የታመመች እህት ለመጠየቅ ብለን እንጻፈው።»

«እህቴን አታሟርትብኝ! ደህና ናት» አለች እናቴ።

በመጨረሻ «ቤተሰብ ጥየቃ» በሚል ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ አዲስ አበባ እያልን መውጫ ፈቃዱን ለማግኘት ደጅ የጠናንበትን ሁሉ ልንገራችሁ ብል ምሳው ይቀዘቅዛል፤ ልለፈው። ፈቃዱ ተገኘ። እኔም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት ስጠባበቅ ስለነበር አብሬያት እንድሄድ ተፈቀደልኝ።

እናቴ ግን የቀበሌውን ሰው አላሾፈችበትም። የምትሄደው በእርግጥ ለምሳ ነበር።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ከናዝሬት ገበያ ዝቅ ብሎ ሱቅ የነበረውን አንድ የየመን ሰው ወደደች፣ አገባችው፣ ሰለመችም። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከቡልጋ የወረዱ፣ ጾም የማይገድፉ፣ ቁጣቸውም ከጸሎታቸው የማያንስ ሰው ነበሩ። የቀሩትን ልጆቻቸውን ሰብስበው «ከእሷ ቤት እህል የቀመሰ ልጄ አይደለም» ብለው ገዘቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ እህቶች በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ ገበያ ላይ ሲገናኙ ተሳስመው አይጠግቡም፤ እናቴ ግን ከአክስቴ ቤት ውኃ እንኳ አትጠጣም። አክስቴም የዋዛ አይደለችምና «የእኔ ካልተበላ የእናንተም ይቅርብኝ» ብላ እኛ ቤት አፏን ዘጋች።

ኋላ አብዮቱ መጣ። ሱቁና ከሱቁ ጀርባ ያሉት ክፍሎች ትርፍ ቤት ተብለው ሲወረሱ፣ አክስቴና ባሏ ጓዛቸውን ጠቅልለው የባሏ ወንድም ወደሚኖርበት ጅቡቲ ሄዱ። እናቴ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘቻት። ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል አክስቴ አንገቷን በመስኮት አውጥታ «አንድ ቀን እንኳ ቤቴ ሳትበዪ!» አለቻት። እናቴ ሌላ ሌላውን ስንብት ረስታው ይህችን ቃል ብቻ ይዛ ወደ ቤት ገባች። ወጥ እያማሰለች ድንገት ቆም ስትል፣ አሁን እሷን እያሰበች ነው እንል ነበር።

አያቴ ሲያርፉ ተዝካራቸው እስኪወጣ ጠበቀችና የነፍስ አባቷን ጠየቀች። እሳቸውም ሲያስቡ ቆይተው «ግዝቱን ፈትቼልሻለሁ፤ እህትሽ ቤት ሄደሽ ብዪ። ሥጋውን ግን እንዳትነኪ» አሏት። በእኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ጎረቤታሞች ነን፣ ሠርግና ለቅሶ አንለያይም፤ ድግስ ሲኖር በሁለት ቢላዋ ይታረዳል፣ በሁለት ድስት ይሠራል፣ ሁሉም ጠግቦ መርቆ ይሄዳል። ችግሩ አንድ ድስት ብቻ ያለበት ቤት ስትገቡ ነው።

እናቴ ነገር አዋቂ ነኝ ባይ ስለሆነች ጊዜውንም መረጠች። ጾም እንዳያግዳት ብላ በዓለ ሃምሳን፣ ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበትን ወቅት ቆረጠች። ከፋሲካው ቅርጫ የደረሳትን ሥጋ ለእህቷ ብላ ዘልዝላ ቋንጣ አደረገችው። በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ አዘጋጀች። በመጨረሻም ማንንም ሳታማክር ከሁሉም በታች አንዲት ትንሽ ድስት አስቀመጠች። ያቺ ድስት ምን እንደምታመጣብን ባውቅ ኖሮ መንገድ ላይ በመስኮት እወረውራት ነበር።

ባቡሩ ወለንጪቲ ሲቆም የተቀቀለ እንቁላልና ፓፓያ የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። እናቴ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ?» ብላ ትጀምርና ዋጋው ላይ ስትደርስ በአማርኛ ትጣላለች፤ ሴቶቹም እየሳቁ ይጨምሩላታል። የመተሐራን ጥቁር ድንጋይ አልፈን፣ አዋሽን ተሻግረን ድሬዳዋ አደርን። በማግስቱ ደወሌ፣ ድንበሩ ላይ፣ ፊናንስ የምንለው የጉምሩክ ዘበኛ ቦርሳችንን ዘረገፈው። ቋንጣውን አንስቶ አሸተተ። «ይሄስ?» አለ። «ለእህቴ ነው» አለችው። አንዱን ዘለላ ቆርሶ አኘከና «እህትዎ ታድላለች» ብሎ አሳለፈን።

ጅቡቲ እንደወረድን ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። እኔ የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነኝ፣ ሙቀት አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ አላውቅም ኖሯል። አክስቴ በሰፊ ቀሚስ ሆና ሰው እየገፋች መጣችና እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እንደቆሙ ተላቀሱ። የአክስቴ ባል፣ ጢሙ ነጭ የሆነ ዝምተኛ ሰው፣ ሻንጣችንን ይዞ በትዕግሥት ጠበቀ።

ቤታቸው በአሮጌው ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ቤት ማለት ጭቃና ቆርቆሮ፣ ሲያምርበት ደግሞ ጣልያን ትቶት የሄደው ባለ በረንዳ ቪላ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን ግድግዳው ሁሉ ነጭ፣ ውፍረቱ ክንድ የሚያህል፣ ኖራው በተፋቀበት በኩል ሲታይ ድንጋዩ ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚመስሉ ነገሮች ተቀብረውበታል። የአክስቴ ባል ድንጋዩ ከባሕር ውስጥ ተቆርጦ የወጣ ነው ሲለኝ አላመንኩትም፤ በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አድርጌ በምላሴ ቀመስኩት። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ቤቱንም ልትበዪው ነው?» አለች።

ከፎቁ ሥር መንገዱን ተከትሎ ቅስት በቅስት ሆኖ የሚሄድ መተላለፊያ አለ። ሱቆቹ፣ ሻይ ቤቶቹ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በቅስቶቹ ሥር ተደርድረዋል፤ ከአንዱ ቅስት ወደሌላው እያሉ ፀሐይ ሳይነካቸው ከተማውን መዞር ይቻላል። ይህንን ያሰበ ሰው ይባረክ አልኩ። የእኛ ግንበኛ ቤት የሚሠራው ለባለቤቱ ነው፤ ይሄኛው ግን ለመንገደኛውም አስቦለታል። መስኮቶቹ እንደ ወንፊት በተፈለፈለ እንጨት የተሸፈኑ ናቸው፣ ነፋስ ያስገባሉ ፀሐዩን ያስቀራሉ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በእንጨቱ ቀዳዳ እየገባ ወለሉ ላይ ሲዘራ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ እሱን ሳይ እውል ነበር። በመንገዱ መጨረሻ ደግሞ ወፍራም ሚናራ ያለው ነጭ መስጊድ አለ፤ ከጀርባው ባሕሩ ይታያል። ባሕር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ፤ እንዲያው ዝም ብሎ ደስ አለኝ።

ምግቡማ ሌላ ነው። ጧት ጧት ገና ትኩስ የሆነ ክንድ የሚያህል የፈረንሳይ ዳቦ በቅቤ፣ ከሻይ በወተትና በሄል ጋር። ላሆህ የሚሉት ደግሞ አለ፣ ዓይን ያለው ለስላሳ ቂጣ፣ በማር የሚበላ። እናቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «እንጀራ ልሁን ብሎ ሳያድግ የቀረ ነው» አለች፤ አክስቴ ሳቀች። ናዝሬት ስኳር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን በምንገዛበት ጊዜ፣ እዚህ ሻይ ላይ ስኳሩን እንደ አሸዋ ሲደፉት ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

እንግዲህ ምሳው። አክስቴ እናቴ ለምን እንደመጣች ሰምታለች፤ መንገደኛ ነግሯታል። «እህቴ ቤት ምሳ ልበላ» ማለቷን ሰምታ፣ ነገሩ ሁሉ የተፈታ መስሏት፣ ገና ከንጋቱ ጀምራ ስትሠራ ነበር። ምንጣፉ ላይ አንድ ትልቅ ትሪ ቀረበ፤ ሩዙ በዘቢብና በቅመም የተሠራ፣ ከላዩ ሙሉ የፍየል እግር። እናቴ ትሪውን አየች፣ ሩዙ ከሥጋው ጋር እንደበሰለ ገባት። እጇ ወደ ዳቦው ሄደ።

«እትዬ፣ ብዪ እንጂ» አለች አክስቴ።

«ሙቀቱ እህል አስጠላኝ፤ ዳቦዋ ትበቃኛለች።»

አክስቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጾም ነው ብላ ልቧን ታሳርፍ ነበር፤ በዓለ ሃምሳ መሆኑን ግን እሷም ታውቃለች። ሰልሞ የልጅነትን የበዓል ቀን የሚረሳ የለም። እናቴ ራሷ በመረጠችው ወቅት ምክንያት አጣች።

እኔ? እኔ በላሁ። በፖለቲካ ትምህርት ክፍል ስለ ሃይማኖት የተነገረን ሁሉ በዚያች ቅጽበት ትዝ አለኝና የፍየሉን እግር አንድ ጎኑን ጨረስኩት። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ኋላ ደግሞ ጆሮዬ ሥር «ቤትሽ ስትገቢ ንስሐ ትገቢያለሽ» አለችኝ። አክስቴ ግን ሰሐኔን እየሞላች ፊቷ በራ፣ ወደ እናቴ ዞር ስትል ደግሞ ይጠቁራል።

በማግስቱ እናቴ ያቺን ድስት አወጣች። ጓዳው ጥግ ላይ ተቀምጣ በራሷ ድስት የራሷን ሽሮ ሠራች፣ ድርቆሿን ፈርፍራ በላች። አክስቴ አየቻት። እናቴም በበኩሏ ያያችው ነገር ነበር። ቋንጣውን አክስቴ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ስማ፣ ጓዳው ግድግዳ ላይ ካለ ምስማር ሰቅላዋለች፤ ከዚያ ግን አንዲት ዘለላ እንኳ አልጎደለችም። እንዲህ ሆነው ሁለቱ እህቶች በአንድ ጓዳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ይውሉና፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ እንደ ባዕድ ይሆናሉ። ስለ ናዝሬት ያወራሉ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደታሰረ፣ የማን ልጅ እንደተዳረች፤ ስለ ድስቷና ስለ ቋንጣው ግን አንድም አይነሳም።

ያ ዝምታ በአራተኛው ቀን ፈነዳ። እናቴ ሽሮዋን ልትጥድ ስትል አክስቴ ድስቷን ከእጇ ቀማቻት።

«ድስት ይዘሽብኝ ትመጪ? እኔ ቤት ድስት ጠፍቶ?» አለች።

«ያንቺ ድስት ሥጋ የነካው ነዋ። የነፍስ አባቴ ከልክለውኛል።»

«አባዬ ሞተው፣ ተዝካራቸው ወጥቶ፣ አሁንም ከድስትሽ ጀርባ ቆመው ያዩኛል! ሰው ከናዝሬት እዚህ ድረስ ለሽሮ ይመጣል? ሽሮማ እዚያው አልነበረም?»

እናቴም ተነሳች። «አንቺስ? ለአንቺ ብዬ ከፋሲካው በሬ ከአፌ ያስቀረሁትን ምስማር ላይ ሰቅለሽ ታይዋለሽ!»

«ልበላው አልችልማ፣ እትዬ!» አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ ተቆረጠ። «እኔ ባለትዳር ሰው ነኝ፣ ሃይማኖቴን ይዣለሁ፣ አልበላውም። ግን ጧት ጧት ተነስቼ አሸተዋለሁ። ቤታችንን ቤታችንን ይለኛል።»

ሁለቱም ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ ይሄኛው እንደ ጣቢያው ለቅሶ አልነበረም፣ የሚያስፈራ ነበር። እናቴ ቋንጣውን ስታዘጋጅ የክርስቲያን ሥጋ መሆኑ እህቷን እንደሚከለክላት አንዴም አላሰበችም። በእሷ ልብ ውስጥ አክስቴ ሁልጊዜም ያቺው ቋንጣ ከገመድ ላይ እየሰረቀች የምትበላ ታናሿ ነበረች። አክስቴ ደግሞ እህቴ ይህን ሁሉ መንገድ ከመጣች የቀረችውን አንዲት እርምጃ ለእኔ ስትል ትራመዳለች ብላ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ሁለቱም ላይ ተናደድኩ። የሚፋቀሩ ሰዎች በፍየል እግር ሲለያዩ ማየት ያናድዳል። ደግሞም ምሳ ሰዓት ነው፣ እርቦኛል።

«ከመስጊዱ ጀርባ ዓሣ የሚጠብሱበት ቤት አለ» አልኩ። ለሦስት ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሽታውን ስምግ ነበር።

የአክስቴ ባል መቁጠሪያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቀና አለ። አክስቴ ዓይኗን ጠርጋ እናቴን አየቻት። «እሷ ዓሣ አትበላም» አለች።

«ማን ነው አልበላም ያለው?» አለች እናቴ።

እውነቱን ለመናገር አትበላም። የዝዋይ ዓሣ ናዝሬት ድረስ እየመጣ ሲሸጥ፣ ሽታው ያጥወለውለኛል ብላ አጥራችንን አላሻገረችውም። የአክስቴ ባል ግን ሁለተኛ እንድትናገር አልጠበቀም፤ ኮፍያውን አደረገና «ተነሱ፣ ወላሂ ሳይቃጠል እንድረስ» አለ። ከመጣን እንዲያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም።

በቅስቶቹ ሥር አራታችን ተከታትለን ሄድን። ዓሣ ቤቱ በሩ ዝቅ ያለ፣ ውስጡ በጭስ የጠቆረ፣ ጣሪያው ግን ቁመቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው። መካከሉ ላይ መሬት ውስጥ እንደ ጉድጓድ የተቆፈረ ምድጃ አለ። ጠባሹ ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቆ እንደ ዳዊት ይዘረጋዋል፣ በርበሬ ይቀባዋል፣ በረጅም ብረት ወደ ምድጃው ያወርደዋል። እንደ ሰፌድ የሰፋ ስስ ቂጣ ደግሞ ምድጃው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ቂጣው አረፋ አውጥቶ ሳይወድቅ ቀልጠፍ ብሎ ያነሳዋል። ሰውየው ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ዓረብ ነበርና አማርኛው ከእኛ አይተናነስም።

እናቴ አልተቀመጠችም። ምድጃው አፍ ላይ ሄዳ ቆመች።

«ልጄ፣ ይሄን ማነው ያረደው?»

ጠባሹ ብረቱን ይዞ ቀና አለ። «እማማ፣ ዓሣ ማን ያርዳል? ከባሕር ሲወጣ ያበቃለታል።»

«ማንም ምንም አላለበትም?»

«ዓሣ አጥማጁ ሳይሰድበው አይቀርም።»

«ምድጃውስ? ሥጋ ገብቶበት ያውቃል?»

«ከዓሣና ከቂጣ በቀር አያውቅም። ከፈለጉ ይግቡና ይዩት» አላት። በዙሪያው የተቀመጡት ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። የነፍስ አባቷ ያሉትን ቃል በቃል እያስታወሰች መሆኑን ከከንፈሯ አየሁ። ዘወር ብላ አክስቴን አየቻት። አክስቴ እንደ ተማሪ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደገና ምክንያት ልትሰማ ተዘጋጅታ ተቀምጣ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ሰበሰበችና አጠገቧ ተቀመጠች።

ዓሣው በሰሐን አልመጣም። ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ተነጠፈና ዓሣው እንደተዘረጋ ጋዜጣው ላይ ዱብ አለ፣ ቂጣው ከጎኑ። አንድ ዓሣ፣ አራት ሰው። ለብቻ የሚቀርብ ነገር አልነበረም፣ የሚከፈል ድስትም የለም። እናቴ አማተበች። አክስቴ በለሆሳስ «ቢስሚላህ» አለች። ሁለቱም አንዷ ሌላዋ እስክትጨርስ ጠበቁ፤ ከዚያ ግን ቀድሞ እጁን የሚሰድ ጠፋ። እኔ እንኳ፣ ያ ሁሉ ራብ እያለብኝ፣ እጄን ለመሰንዘር አልደፈርኩም።

አክስቴ ናት የጀመረችው። ከዓሣው ወፍራም ወፍራሙን በጣቶቿ ቆረሰች፣ አጥንት እንዳይኖርበት ቀስ ብላ ዳበሰችው፣ ቂጣ ውስጥ ጠቀለለችው። እጇን ወደ እናቴ ዘረጋች።

«እትዬ» አለች።

እናቴ አፏን ከፈተች። ጎረሰች። አላመጠች። ሽታው ያጥወለውላታል ብዬ ስፈራ፣ ዓይኗን ጨፍና እያጣጣመች አላመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በርበሬው ነው ብትል አምናት ነበር፣ እሷ ግን ምክንያት አልሰጠችም። የአክስቴ ባል ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። አክስቴ ባዶ እጇን በአየር ላይ እንደያዘች፣ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ነገር ሆኖ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ የጠፋት ይመስል ፈዛ ቀረች።

እናቴ ዋጠችና ዓይኗን ከፈተች። «ምን ታይኛለሽ?» አለቻት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገሚኝ እንጂ።»

አክስቴ አጥንቱን እንኳ ሳትለቅም ሁለተኛውን ጠቀለለች።